በመፀው ገጠር ለገጠር ስንጓዝ ምን እንመልከት? እንዴትስ እንመዝግብ?

መስቀል ባለፈ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ከከተማ ወጣ ብለን በእግር እንጓዛለን፤ ግን አረንጓዴ ሜዳና ጥቂት ወፎች አይተን እንመለሳለን። እናንተ የምታዩት ምኑን ነው?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቁርጥራጭ ከምመልስ ሙሉውን አሠራር እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው ለመፀው ነው፤ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ላለው ጊዜ። ምሳሌዎቼ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ካለው ከእንጦጦ ሸንተረርና ከማዶው ከሱሉልታ ሜዳ የተወሰዱ ናቸው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር ወይም ሌላ ደጋ ላይ ያላችሁ እንዳለ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ቆላ ላይ ያላችሁ ስለ ውርጭ የሚናገረውን ክፍል ዝለሉት።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ አንድ መንገድ ምረጡና በዚያው መንገድ በወቅቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በየሳምንቱ አዲስ ቦታ የሚሄድ ሰው ብዙ ቦታ ያያል፤ መፀውን ግን አያይም። ወቅቱ የሚታወቀው በለውጡ ነው፤ ለውጥን ለማየት ደግሞ ትናንት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይፈሳል፤ ብርድ ላይም አልጽፍ ይላል።
- ተራ የአየር ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትር። ሁለት ብታገኙ ይመረጣል።
- ባይኖኩላር፣ ማለትም አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር። 8 በ42 የሚባለው ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፊት መስተዋቱ ደግሞ በማለዳ ደብዛዛ ብርሃንም በቂ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል።
- ስልክ፣ ለፎቶና ለሰዓት።
- ለመጀመሪያው ጉዞ ቦት ጫማ፣ ለኋለኞቹ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ ጫማ።
- ተደራርቦ የሚለበስ ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ።
- ዱላ። ለመደገፊያም ለመለኪያም ያገለግላል፤ በየ10 ሳንቲሜትሩ በቢላዋ ምልክት አድርጉበት።
- ትንሽ ሳሙና። ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ ታገኙታላችሁ።

1. መንገዱን ምረጡ

ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከፍታ፣ ዝቅተኛ ሜዳ፣ እርሻና ጥቂት ዛፍ ያለበት መንገድ ፈልጉ። ርዝመቱ አይጨነቃችሁ፤ ቆም እያላችሁ ስለምትሄዱ 5 ኪሎ ሜትር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ዋናው ነገር የተለያዩ ቦታዎች የሚገናኙበት ድንበር መኖሩ ነው፦ ደን ሣርን የሚነካበት፣ እርሻ ረግረግን የሚነካበት። እንስሳትና ወፎች ምግባቸውን ከአንዱ፣ መሸሸጊያቸውን ከሌላው ስለሚያገኙ በድንበሩ ላይ ይበዛሉ። ባሕር ዛፍ ብቻ የሆነ መንገድ ለእግር ጥሩ ነው፤ ለዓይን ግን ድሃ ነው።

በመንገዱ ላይ አራት ቋሚ መቆሚያዎች ምረጡ፤ የማይንቀሳቀስ ምልክት ይኑራቸው፦ ትልቅ ድንጋይ፣ የጽድ ዛፍ፣ ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ።

2. ሦስቱን ጉዞዎች በጊዜ ክፈሏቸው

የመጀመሪያው በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት፣ ሁለተኛው በኅዳር መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በታኅሣሥ አጋማሽ ይሁን። በመጀመሪያው ምድሩ ገና ውኃ ይዟል፤ በሁለተኛው ሰብሉ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ይበርዳል፤ በሦስተኛው አጨዳውና ውቂያው ተጧጡፎ ሣሩ ይደርቃል። በኅዳር 12 የምትወጡ ከሆነ ግን ለሩቅ እይታ የሚሆን ቀን አይደለም፤ ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ የሚነደው ቆሻሻ ጢስ ማለዳውን ይሸፍነዋል።

3. ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሻችሁ ላይ ተገኙ። ውርጩ፣ ጤዛውና የሸለቆው ጉም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብዙም አይቆዩም። ወፎችም ሌሊቱን ተርበው ስለሚያድሩ በጣም የሚንቀሳቀሱት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ነው። ረፋዱ ላይ የምትደርሱ ከሆነ ይህ መመሪያ ግማሹ አይሠራላችሁም።

4. ብርዱን በሁለት ቦታ ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የመፀው ቁልፍ ነው እላለሁ።

ቀን ላይ ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል። ከሱሉልታ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው የ400 ሜትር ገደማ ልዩነት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያመጣል ማለት ነው። በመፀው ማለዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የቆመ ከሆነ፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሙቀቱን የሚይዝ ደመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ በተዳፋቱ ላይ ቁልቁል ይፈስና እንደ ውኃ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሜዳው ከተራራው ወገብ ይልቅ ይበርዳል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ሜዳው ላይ፣ ሌላችሁ ከተዳፋቱ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁሙ። በስልክ ተደዋውላችሁ በአንድ ደቂቃ ላይ አንብቡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከሜዳው ጀምሩና ፀሐይ ሳትደርስባችሁ ቶሎ ውጡ፤ ከዘገያችሁ የምትለኩት የፀሐይዋን ሥራ ይሆናል።

ለ. ቴርሞሜትሩን በደረት ከፍታ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሉት፤ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በእጃችሁ አትያዙት፣ አትተንፍሱበትም።

ሐ. ከዚያ ሣሩ ላይ አስተኙትና እንደገና አንብቡ። በደረት ከፍታ 3 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በሰው ቁመት ብርዱ ቀላል ሆኖ ሳለ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የምታገኙት ለዚህ ነው።

አሁን የሜዳውን እርሻ ተመልከቱ። ባቄላ ወይም አተር ካለ ዝቅ ብሎ የጎደጎደውን ቦታ ከዳገታማው ጋር አስተያዩት። ውርጭ የመታው ቅጠል ይጠቁርና ይጠወልጋል፤ ጉዳቱም ከጎድጓዳው ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ቀዝቃዛው አየር የት እንደተኛ ሰብሉ ራሱ ያሳያችኋል። ገበሬውን «ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የትኛውን ማሳ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የቴርሞሜትራችሁን ንባብ ከመልሱ ጋር አመሳክሩ።

5. ሰማዩንና ነፋሱን አንብቡ

የነፋሱን አቅጣጫ ከጎጆ ጣሪያ ከሚወጣው ጢስ እዩ። በክረምት እርጥበት ያለው ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ መፀው ሲገባ ዝናብ አምጪው ቀጠና ወደ ደቡብ ስለሚያፈገፍግ ደረቁ ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ፀሐይ መውጫን ስለምታውቁ ኮምፓስ አያስፈልጋችሁም። በጥቅምት መጀመሪያ ነፋሱ ገና ሲያመነታ፣ በኅዳር ግን ቁርጡ ሲለይ ልታዩት ትችላላችሁ።

ደመናውን በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ የሚታዩ፣ ሥራቸው ጠፍጣፋ፣ ትንንሽ ነጭ ደመናዎች የደረቅ ቀን ምልክት ናቸው። ከቀትር በፊት ወደ ላይ እንደ ግንብ ከተነሡ ግን ከሰዓት ነጎድጓድ ሊመጣ ስለሚችል ከሸንተረሩ ውረዱ። ሌሊቱ ደመናማ ከሆነና ብርዱ ድንገት ከላላ ደስ አይበላችሁ፤ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ እየቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ያጨደ ገበሬ ነዶውን ለመከመር የሚጣደፈውም ያን ጊዜ ነው።

6. መሬቱንና ዕፀዋቱን ተንበርክካችሁ እዩ

ከቢጫው እንጀምር። በጥቅምት መጀመሪያ ከሩቅ ሁሉም ቢጫ አደይ አበባ ይመስላል። አይደለም። ቀርባችሁ ለዩ፦ በማሳ ውስጥ እኩል ተዘርቶ ከታየ ኑግ ወይም ጎመን ዘር ነው። የጎመን ዘር አበባ አራት ቅጠሎች በመስቀል ቅርጽ ይዟል። ኑግ ዙሪያውን አብዛኛውን ጊዜ 8 ሰፋፊ ቅጠሎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጫፍ በትንሹ የተሰነጠቀ ነው። ሳይዘራ ከኑግ ጋር የሚበቅለው መጭም በጣም ይመስለዋል። አደይ አበባ ግን ራሱን የሚያበቅለው በዳር፣ በአጥር ሥርና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው።

አንዷን የአደይ ራስ በጣታችሁ ከፈት አድርጉና መሐሏን እዩ። አንድ አበባ የመሰለችው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት፤ የውጪዎቹ ረጅሙን ቢጫ ቅጠል ያወጣሉ፣ የመሐሎቹ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል በተራ ይፈካሉ። ምን ያህሉ እንደፈኩ በማየት አበባዋ ገና መጀመሯን ወይም መጨረሷን ትለያላችሁ። በኅዳር ስትመለሱ እዚያው ቦታ ላይ ደርቃ ዘር ይዛ ታገኟታላችሁ። ሱሪያችሁ ላይ የሚጣበቀውን ጨጎጊት ደግሞ አራግፋችሁ ከመጣላችሁ በፊት ተመልከቱት፤ ጫፉ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው፤ ዘሩ በእናንተ ተሸካሚነት ሌላ ቦታ ሊበቅል ነው የያዛችሁ። አራግፋችሁ የምትጥሉትም እዚያው መንገድ ላይ ይሁን፤ ወደ ሌላ ማሳ አትውሰዱት።

ቀጥሎ ጥቁር አፈር። የዚህ አፈር ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በመጀመሪያው ጉዞ እግር ይውጣል፤ በሁለተኛው ፊቱ ይጠነክራል፤ በሦስተኛው ይሰነጠቃል። በአንዱ መቆሚያችሁ አጠገብ ስንጥቅ ምረጡና ምልክት ያደረጋችሁበትን ዱላ አስገቡ፤ ጥልቀቱንና ስፋቱን ጻፉ። የምድሩን መድረቅ በቁጥር ለማየት ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም።

በዚሁ አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራ ሽምብራ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቅጠሉን በጣታችሁ ዳብሱና ጣታችሁን ቅመሱ፤ ይኮመጥጣል። በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች አሲድ ያመነጫሉ። እሸት መብላት ካማራችሁም ጠይቁ፤ ገበሬ ሲጠየቅ አይነፍግም፣ ሳይጠየቅ ግን ልፋቱ ነው።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ሣሩን አትርሱ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ በመፀው ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ያልታጨደ፣ የታጨደና የተከመረ ክፍል ጎን ለጎን ካያችሁ የትኛው ላይ ወፎች እንደሚበዙ አነጻጽሩ፤ ሣሩ ሲነሣ የተደበቁት ነፍሳት ይጋለጣሉና።

7. እንስሳቱን ከመፈለግ ይልቅ ጠብቁ

በእያንዳንዱ መቆሚያ 10 ደቂቃ ቁጭ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ስትመጡ የሸሹት ገና አልተመለሱም። አትናገሩ፤ ድምፅ የመጣበትን አቅጣጫ በደብተራችሁ ላይ በቀስት ምልክት አድርጉ። ነጭ ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ከሩቅ ያስታውቃችኋል፤ አፈርማ ወይም አረንጓዴ ልብስ ደርቡበት።

በወፎች በኩል ሦስት ነገር ተከታተሉ።

የመጀመሪያው እንግዶቹን ነው። አውሮፓና እስያ ሲበርድ ብዙ ወፎች ወደ እኛ ይወርዳሉ። በሚግጡ ከብቶች እግር ሥር እየሮጠች ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምታወዛውዝ ደረተ ቢጫ ትንሽ ወፍ ካያችሁ ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ከብቶቹ የሚያስነሡትን ነፍሳት ትለቅማለች። ከሣሩ በላይ በዝቅታ፣ ክንፉን በትንሹ ወደ ላይ ቀስሮ የሚንሳፈፍ አሞራም አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ያያችሁበትን ቀን መጻፍ አትርሱ።

ሁለተኛው ልብስ ለዋጮቹን ነው። በጥቅምት ረግረጉ ዳር ጥቁር ሆኖ ጀርባው ደማቅ ቢጫ የሆነ ወፍ ሸምበቆ ላይ ተቀምጦ ታዩታላችሁ፤ የመራቢያ ጊዜው ነው። በታኅሣሥ ስትመለሱ «የት ሄደ?» ትላላችሁ። የትም አልሄደም፤ ጥቁሩን ላባ አራግፎ ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ለብሶ ከመንጋው ጋር እህል ይለቅማል። በርሮ ሲነሣ ጀርባውን አስተውሉ፤ ቢጫው ጨርሶ አይጠፋም።

ሦስተኛው የራሳችንን ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ እጅግ ወፍራም የሆነው ትልቅ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት አመድማ ዝይ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አጥፎ የመሄድ ልማድ ስላለው ከሩቅ ይለያል። እርጥብ ሣር ባለበት ወንዝ ዳር ፈልጉት፤ አትቅረቡት።

አጥቢ እንስሳትን ከአካላቸው ይልቅ በዱካቸው ታገኟቸዋላችሁ። አዲስ፣ ጠቆር ያለ እርጥብ አፈር ተቆልሎ ከታየ ፍልፈል ሌሊቱን ሲቆፍር አድሯል፤ የነጣው ቁልል የቆየ ነው። ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ኩስ የጅብ ነው፤ ንጣቱ የሚመጣው ከሚቆረጥመው አጥንት ነው። መንገድ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ረጅም እሾህ ከወደቀ ጃርት አልፏል። ዱካ ፎቶ ስታነሡ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ፤ አለዚያ ቤት ስትደርሱ መጠኑን ለማወቅ ምንም መነሻ አይኖራችሁም።

ደብረ ሊባኖስ የምትሄዱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ታገኛላችሁ። ሣሩ ለምለም ሳለ ቁጭ ብለው በጣታቸው ይነጫሉ፤ እየደረቀ ሲሄድ ሥር መቆፈር ያበዛሉ። ምግብ አትስጧቸው፤ የለመደ ጭላዳ ሰብል ውስጥ ይገባና የገበሬ ጠላት ይሆናል።

8. እዚያው ጻፉ

ቤት ደርሶ መጻፍ ማለት የሚታወሰውን ብቻ መጻፍ ነው፤ የሚታወሰው ደግሞ የሚያምረው ነው። በእያንዳንዱ መቆሚያ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ደመና፣ መሬት፣ ዕፀዋት፣ እንስሳት በሚል ቅደም ተከተል ጻፉ። ለምሳሌ፦

«ኅዳር 3፣ 12:25 ጠዋት፣ ድልድይ። ደረት ላይ 4 ዲግሪ፣ ሣር ላይ ከዜሮ በታች 1። ነፋስ የለም፣ ጢስ ቀጥ ብሏል። ደመና የለም። ስንጥቅ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት። አደይ ሁሉም ደርቋል። ቢጫ ደረት 6፣ ከከብት ጋር። ዝይ አልታየም።»

«አልታየም» የሚለውን መጻፍ ግዴታ ነው። ካልጻፋችሁት በኋላ ያልነበረውንና ያልፈለጋችሁትን መለየት አይቻልም። ከዚያ ከዚያችው ምልክት ላይ ቆማችሁ ወደዚያው አቅጣጫ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ሦስቱም ጉዞዎች ላይ ተመሳሳይ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ

- ከመውጣታችሁ በፊት ስለ አካባቢው ሰላም የአካባቢውን ሰው በስልክ ጠይቁ። የተጠበቀ ደን ከሆነ በር ላይ ተመዝገቡ፣ የመግቢያ ክፍያ ካለ ክፈሉ።
- የገጠር ውሻ ጠባቂ ነው። አትሩጡ፤ ቆማችሁ ባለቤቱን ተጣሩ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።
- መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ከቀነሰ ከሸንተረር ውረዱ፤ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።
- ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት መንደር ወይም መኪና መንገድ ላይ ሁኑ። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ጅብ ይወጣል።
- የጥበቃና የአንቴና ቦታዎችን ፎቶ አታንሡ። ሰውን ሳታስፈቅዱም አታንሡ።
- ብርዱ አያታልላችሁ፤ በ3000 ሜትር ላይ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች። ከባሕር ማዶ ወይም ከቆላ በቅርቡ የመጣችሁ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወደ ታች ውረዱ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

*በማሳ መሐል ማቋረጥ።* በወሰኑ ዙሩ። የደረሰ ጤፍ አንዴ ከተረገጠ አይነሣም፤ ፍሬው ይረግፋል። የሚያጭዱትን «በርቱ» በሉ፣ አውድማ ላይ ካገኛችኋቸው «ያበርክትላችሁ»። ሰላምታ የሰጠ ሰው መንገድም ወሬም ያገኛል፤ ትናንት ማታ ድኩላ በየት በኩል እንደወረደ የሚነግራችሁ እረኛው ነው።

*በስልክ የወፍ ድምፅ እያሰሙ መጥራት።* ወፏ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት መመገቧን ትታ ትሟገታለች። በብርድ ሌሊት ማግሥት ይህ ከባድ ኪሳራ ነው።

*ከመለየት በፊት ስም መስጠት።* ስሙን ካላወቃችሁ መጠኑን ከእርግብ ጋር አነጻጽሩ፣ የመንቁሩን ቅርጽ ሣሉ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር ጻፉ። የተሳሳተ ስም ደብተር ውስጥ ከገባ ከሚቀጥለው ዓመት ንባብ ጋር ስታስተያዩ ሁሉንም ያበላሻል።

*ብዙ ሰው ይዞ መሄድ።* ከአራት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉና በተቃራኒ አቅጣጫ ጀምሩ፤ መሐል ላይ ስትገናኙ ደብተራችሁን አስተያዩ። አንዱ ያየውን ሌላው ካላየ ሰዓቱን ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።